የጎጃም ቋንቋዎች፦ ከአማርኛ ማዶ

ጎጃም ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው አማርኛ ነው። ቅኔ የለመደ፣ ጥርት ያለ አማርኛ። እውነት ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በእንጅባራና በቻግኒ አድርጎ ወደ መተከል ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ጆሮውን ከከፈተ የሴም፣ የኩሽና የኦሞ ቋንቋዎችን፣ ከእነሱም ሌላ ጉሙዝኛን ይሰማል። እዚህ ላይ ጎጃም የምንለው የድሮውን ክፍለ ሀገር ነው። ዛሬ ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃምና አዊ በአማራ ክልል፣ መተከል ደግሞ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሥር ናቸው።

አፍሪካ ውስጥ ወደ 2000 የሚጠጉ ቋንቋዎች ይነገራሉ። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ጆሴፍ ግሪንበርግ በ1963 እ.ኤ.አ. በአራት ትልልቅ ቤተሰቦች መደባቸው፦ አፍሮ-እስያዊ (ሴም፣ ኩሽና ኦሞ የዚህ ቅርንጫፎች ናቸው)፣ ናይሎ-ሰሃራዊ፣ ኒጀር-ኮንጎና ኮይሳን። ምደባው ዛሬም ያከራክራል። ናይጄሪያ ብቻዋን ከ500 በላይ ቋንቋዎች አሏት፤ ጎጃም በቁጥር አጠገቧ አይደርስም። ጎጃምን የሚያስገርመው ጎረቤት ሆነው የሚኖሩት ቋንቋዎች በዝምድና ይህን ያህል መራራቃቸው ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጎጃም ተቀምጦ ከ10 በላይ የሆኑ ቋንቋዎችን ቃላት መዝግቧል። ብዙ አገር መዞር አላስፈለገውም። በዘመኑ ጎጃም ውስጥ የባሶ ገበያ ስመ ጥር ነበር። ከአባይ ማዶ የጉድሩ ኦሮሞ ነጋዴዎች ወንዙን እየተሻገሩ ይመጣሉ፤ ከደቡብ ቡና ይገባል፣ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርዳል። ገበያ ባለበት አስተርጓሚ አይጠፋም።

ከአማርኛ ቀጥሎ የጎጃም ትልቁ ቋንቋ አዊኛ ነው። ባለቤቶቹ አዊዎች ሲሆኑ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በአንከሻ፣ በዚገምና በዙሪያቸው ይኖራሉ። በአፈ ታሪክ ሰባቱ አገው የሚባሉት የእነሱ አባቶች ናቸው። አዊኛ የኩሽ ወገን ነው። ዘመዶቹ ርቀው ነው ያሉት፦ ኽምጣንጋ ዋግ ኽምራ፣ ቅማንትኛ ጎንደር ዙሪያ፣ ብሊን ኤርትራ ከረን አካባቢ። ቅማንትኛ ተናጋሪው እጅግ ተመናምኖበታል። ከአራቱ ብዙ ተናጋሪ ያለው አዊኛ ነው። የዋጉ አገውና የጎጃሙ አገው ግን በየቋንቋቸው ቢያወሩ አይግባቡም፤ ማዶ ለማዶ ሆነው ብዙ ዘመን አልፏል።

አዊኛ በአዊ ዞን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆች የሚማሩበት ቋንቋ ነው። የሚጻፈውም በግእዝ ፊደል ነው። አማርኛ አንባቢ የአዊኛ መማሪያ ቢገልጥ ግን ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ይደናቀፋል። ለምሳሌ ጘ የምትባል ፊደል አለች፤ ገ ትመስላለች፣ ድምፅዋ ግን በአፍንጫ በኩል ነው የሚወጣው። አማርኛ ይህን ድምፅ ራሱን ችሎ ስለማያውቀው በፊደል ገበታው ላይ ቦታ አልሰጠውም። የድምፅ ከፍታና ዝቅታም አዊኛ ውስጥ ሥራ አለው። አማርኛ ለለመደ አፍ ይህቺ ቀላል አይደለችም።

ወደ ቆላው ሲወረድ ነገሩ ይቀየራል። ጉሙዝኛ ከአማርኛም ከአዊኛም ጋር አይዛመድም። ግሪንበርግ ናይሎ-ሰሃራዊ ውስጥ አስገብቶታል፤ ብቻውን የቆመ ቋንቋ ነው የሚሉ ምሁራንም አሉ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መላው የጉሙዝ ሕዝብ ወደ 160 ሺህ ይጠጋ ነበር። ሺናሽኛ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ተናጋሪዎቹ ራሳቸውን ቦሮ ይላሉ፤ በቡለን፣ በድባጤና በወምበራ ይኖራሉ። ቋንቋው የኦሞ ወገን ሲሆን የቅርብ ዘመዱ ከአባይ ማዶ እጅግ ርቆ ያለው ካፍኛ ነው። መሐል ላይ ያለው ሰፊ አገር ኦሮምኛ ሲሆን ሁለቱ ተለያይተው ቀሩ። ኦሮምኛው መተከልም ደርሷል። ስለዚህ ሺናሽኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር ገበሬ እዚያ ብርቅ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ሦስት ቋንቋ የሚችል ሰው ሲቪው ላይ በደማቁ ይጽፈዋል!

የጠፋም አለ። ጋፋትኛ የሴም ቋንቋ ነበር፤ ከአማርኛና ከጉራጌ ቋንቋዎች ጋር ይዛመዳል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. አካባቢ መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስጽፎ ወስዷል፤ የእጅ ጽሑፉ ኦክስፎርድ ይገኛል። የቋንቋ ምሁሩ ቮልፍ ሌስላው በ1947 እ.ኤ.አ. ጎጃም ድረስ ሄዶ ሲያፈላልግ ቋንቋውን የሚናገሩ ያገኘው አራት ሰዎች ብቻ ነው። ዛሬ ተናጋሪ የለውም፤ አማርኛ ዋጠው።

ግእዝስ? የእናት ቋንቋው ግእዝ የሆነ ሕፃን የለም። ግን ጎጃም ውስጥ በየቀኑ አዲስ ግጥም ይወጣበታል። ከታወቁት የቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ እዚሁ ናቸው። ተማሪው ግስ ያጠናል፣ ቀን ጥግ ይዞ ቅኔ ይቆጥራል (በልቡ ይደርሳል)፣ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ እየሰሙ ያርሙታል። የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ናት። ከዚያ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይዘልቃል። አንዴ የተባለ ቅኔ እንደ አዲስ አይደገምም። የሰው ቅኔ ሰርቆ የተያዘ ተማሪ ምን እንደሚባል ጎጃሜ ያውቀዋል።

መተከል ውስጥ ፓዊ ላይ ያለው ጉዳይ ደግሞ የቅርብ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ማግሥት ደርግ በበለስ ሸለቆ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው አሰፈረ። ከወሎ የመጡት አማርኛቸውን፣ ከደቡብ የመጡት ከምባትኛና ሀዲይኛ ይዘው ወረዱ። ኋለኞቹ ሁለቱ የኩሽ ቋንቋዎች ናቸው፤ ከአዊኛ ጋር ግን የሩቅ ዘመዳሞች እንጂ አይግባቡም። መንደሮቹ ስም ሳይወጣላቸው በቁጥር ተጠሩ፤ ሰዉም በየቁጥሩ የየራሱን ቋንቋ እያወራ፣ ገበያ ሲወጣ በአማርኛ እየተገበያየ ኑሮውን ቀጠለ።