ኢንዶስኮፒክ የዲስክ ሕክምና ምንድን ነው? ቀዶ ጥገና ነዋ!

«ያለ ቀዶ ጥገና ዲስክ እናወጣለን» የሚል ማስታወቂያ ሰሞኑን ደግሞ መጣ። የማን እንደሆነ ይቅር። ቆዳ ተበስቶ፣ ነርቭ አጠገብ ያለ ነገር እየተቆረጠ «ቀዶ ጥገና አይደለም» ምን የሚሉት ነው?

ዲስክ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ ነው፤ አፈትልኮ ሲወጣ ነርቭ ይጫናል። በኢንዶስኮፒክ፣ ማለትም በካሜራ ቱቦ፣ ሲሠራ በጀርባ ወይም በጎን በኩል አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ቆዳ ይከፈታል። ከ7 እስከ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቱቦ እስከ ዲስኩ ይገባል። ካሜራው፣ መብራቱና መሣሪያው ሁሉ በዚያው ነው የሚያልፈው። ሐኪሙ ስክሪን እያየ ነርቩን የተጫነውን ቁራጭ በትንሽ መቆንጠጫ ይለቅማል።

ጎጃም ውስጥ ማር ሲቆረጥ ያየ ይገባዋል። ባለ ንቡ ቀፎውን አይፈልጠውም። ክዳኑን ከፈት ያደርግና ጭስ ነፋ ነፋ አድርጎ፣ እጁን ሰዶ የማር እንጀራውን ቆርጦ ያወጣል። ከውጭ ላየው ቀፎው ምንም አልሆነም። ታዲያ ማሩ አልተቆረጠም? የጭሱን ሥራ እኛ ዘንድ የጨው ውኃ ይሠራዋል፤ ሳያቋርጥ እየፈሰሰ ደሙን ያጥባል፣ ካሜራው ያያል። ባለሙያ ቆራጭ ደግሞ ሁሉን አይጠርግም፤ የንቡን እጭ ይተዋል። እኛም ሙሉ ዲስኩን አናወጣም፤ አፈትልኮ የወጣውን ነው። የቀረው ዲስኩ ላይ ባለው በዚያው ስንጥቅ ነገ ሊወጣ ይችላል። ይህን ማስታወቂያው አይነግራችሁም።

ጥቅሙን አልክድም። ጡንቻ ብዙም አይጎዳም። ብዙው ታካሚ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ቤቱ ይገባል። በጎን ሲገባ ሙሉ ሰመመን ላያስፈልግም ይችላል፤ ታካሚው «እግሬን ነዘረኝ» ሲል ሐኪሙ እጁን ይሰበስባል። ግን ቀዳዳው ስለጠበበ የነርቭ ጉዳትም ሆነ ኢንፌክሽን የለም ማለት አይደለም።

ሌላው የሚያበሽቀኝ «ወገቡን ያመመው ሁሉ ይሠራው» የሚለው ነው። ጤፍ ሲያጭድ ሰንብቶ ወገቡ የተያዘ ገበሬ የኤምአርአይ ምስል ይዞ ይመጣል። «ዶክተር፣ በካሜራዋ ያውጡልኝ» ይላል። እግሩን ግን አያመውም! ያበጠ ዲስክ ምንም ሕመም በሌለው ሰው ላይም በብዛት ይታያል። ይህ ቀዶ ጥገና በዋናነት የሚጠቅመው ከመቀመጫ ተነስቶ እግር ድረስ ለሚወርድ የነርቭ ሕመም ነው። እሱም ቢሆን አብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ቢላ ይሻለዋል።

ሽንት እምቢ ካለ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም እግር እየሰነፈ ከሄደ ግን ሳምንት አይቆጠርም። ወጌሻም ጋ አይኬድም። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ነው።

ካነሳሁት አይቀር፦ የወገብ ሕመሙ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለው፣ በእኛ አገር መጀመሪያ የአከርካሪ ቲቢ መታሰብ አለበት። የእሱ ዋና ሕክምና ለወራት የሚዋጥ መድኃኒት ነው።