«መሃል ሰፋሪ» የሚባሉት የአሜሪካ ፖለቲከኞች፦ ስለ ፓርቲ ታማኝነትና ይፋዊ ድጋፍ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የአሜሪካ ምርጫ በቀረበ ቁጥር አንድ ሴናተር የሌላውን ፓርቲ ዕጩ «እደግፋለሁ» ይልና ወሬው ይጦፋል፤ ከዳ፣ ተገዛ፣ ሊባረር ነው። ግምታችን የሚመጣው ከምናውቀው አሠራር ነው፤ ፓርቲ አባሉን መዝግቦ፣ መዋጮ ሰብስቦ፣ ሲያጠፋ ገምግሞ የሚያሰናብትበት። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ፓርቲውን የተጋፋ ይባረራል»

የሚያባርር አካል የለም። ሪፐብሊካን ወይም ዴሞክራት መሆን ብዙውን ጊዜ በመራጮች ምዝገባ ቅጽ ላይ አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነው፤ እንደ ቨርጂኒያና ቴክሳስ ባሉ ግዛቶች ያቺ ሳጥንም የለችም። በፓርቲው ስም ማን እንደሚወዳደር የሚወስነው ፕራይመሪ የሚባለው ቅድመ ምርጫ እንጂ ማዕከላዊ ኮሚቴ አይደለም። የአላስካ ሪፐብሊካን ፓርቲ ሴናተር ሊሳ መርካውስኪ በትራምፕ ክስ ላይ «ጥፋተኛ ናቸው» ብለው ድምፅ ስለሰጡ በማርች 2021 በውሳኔ አወገዛቸው። ወንበራቸው አልተነካም፤ በ2022 እንደገና በሪፐብሊካንነት ቀርበው አሸነፉ።

እውነተኛው ቅጣት ሴኔቱ ውስጥ ነው፤ የኮሚቴ ወንበር። እሱም ቢሆን በጥፋት ልክ አይሰፈርም። ከዴሞክራቶች ጋር ይሰለፉ የነበሩት የኮኔቲከት ሴናተር ጆ ሊበርማን በ2008 ለሪፐብሊካኑ የፕሬዚዳንት ዕጩ ጆን ማኬይን ድጋፍ ሰጥተው፣ በሪፐብሊካኖች ጉባኤ መድረክ ላይ ንግግር አድርገው ሲመለሱ፣ የዴሞክራት ሴናተሮች 42 ለ13 በሆነ ድምፅ የአገር ውስጥ ደኅንነት ኮሚቴ ሰብሳቢነታቸውን አጸኑላቸው። የተወሰደባቸው የአካባቢ ጥበቃ ኮሚቴ ወንበራቸው ብቻ ነው። ዴሞክራቶች ክርክር ዘግቶ ሕግ ለማሳለፍ የሚያስፈልገውን 60 ድምፅ እየቆጠሩ ስለነበር አንድ ሰው ማባረር አላዋጣቸውም። በተቃራኒው፣ ከ1981 ጀምሮ ሴኔት ውስጥ የቆዩት አርለን ስፔክተር በ2009 ሪፐብሊካንን ትተው ዴሞክራት ሲሆኑ በኮሚቴዎች ውስጥ ከጀማሪዎቹ ኋላ ተሰለፉ። የሄደው ይዞ ቀረ፣ የመጣው ተቀጣ።

«ለሌላ ፓርቲ ዕጩ ድጋፍ መስጠት ፓርቲ መቀየር ነው»

አይደለም። የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል በኦክቶበር 2008 ለኦባማ ድጋፍ ሰጥተው እስከ ጃንዋሪ 2021 ራሳቸውን ሪፐብሊካን ሲሉ ቆዩ። ዴሞክራቱ ሴናተር ጆ ማንችን ለ2020 ምርጫ ለሪፐብሊካኗ ሴናተር ሱዛን ኮሊንስ ድጋፍ ሰጡ፤ ከፓርቲያቸው የወጡት ግን በ2024 ነው። ከወጡ በኋላም ወደ ሌላው አልገቡም፤ ካማላ ሃሪስ የሴኔቱን የ60 ድምፅ ልማድ ለውርጃ መብት ሕግ ሲባል ማንሳት እንደሚፈልጉ ሲናገሩ ማንችን ድጋፌን አልሰጥም አሉ። ድጋፍ መንፈግም ራሱን የቻለ መልእክት ነው።

«መስመር ያለፈ ሁሉ ለዘብተኛ ነው»

«መሃል ሰፋሪ» በአብዮቱ ዘመን ሰው የሚያስበላ ስድብ ነበር፤ ዛሬም ለዘብተኛውንና ከፓርቲ መሪ ጋር የተጣላውን አንድ ላይ እንጠቀልልበታለን። ሁለቱ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቀድሞዋ የሪፐብሊካን የምክር ቤት አባል ሊዝ ቼኒ በግብር፣ በመሣሪያ መብት፣ በውርጃ ጉዳይ ወግ አጥባቂ ናቸው፤ ጠባቸው ከትራምፕ ጋር ነው። በኦገስት 2022 የዋዮሚንግን ፕራይመሪ ከ35 ነጥብ በላይ በሆነ ልዩነት ተሸንፈው፣ በዚያው ዓመት ለሚሺጋኗ ዴሞክራት ኤሊሳ ስሎትኪን ቀሰቀሱ፤ በ2024 ደግሞ ለሃሪስ። ይህን ያደረጉት ግን ለዘብተኛ ስለሆኑ አይደለም። ሱዛን ኮሊንስ ደግሞ በድምፅ አሰጣጣቸው ለዘብተኛ ከሚባሉት ዋነኛዋ ሆነው ሳሉ ከፓርቲያቸው ንቅንቅ አላሉም።

«ፕራይመሪ የተሸነፈ አበቃለት»

በአብዛኞቹ ግዛቶች እውነት ነው፤ ፕራይመሪ የተሸነፈ ሰው በዚያው ዓመት በግል ዕጩነት ስሙ እንዲታተም ሕጉ አይፈቅድም። ቀዳዳ ያለባቸው ግዛቶች ግን አሉ፣ ቀዳዳው ደግሞ ቀን አለው። በኮኔቲከት በ2006 የግል ዕጩ 7,500 ፊርማ ማቅረብ የነበረበት እስከ ፕራይመሪው ማግስት ነበር። ሊበርማን ሽንፈቱን ሳይጠብቁ በጁላይ መጀመሪያ ፊርማ እንደሚያሰባስቡ አሳወቁ። ተቺዎቻቸው በሁለት ቢላ መብላት አሉት፤ አንድ ቀን ቢዘገዩ ግን ነገሩ ያኔውኑ ያበቃ ነበር። ኦገስት 8 በኔድ ላሞንት ተሸነፉ፤ በኖቬምበር በግል ቀርበው 50 ለ40 ገደማ ረቱት። ሁለት ባላ መትከል ማለት ይኸው ነው።

መርካውስኪ በ2010 ይህም ዕድል አልነበራቸውም። ፕራይመሪውን በጆ ሚለር ሲሸነፉ የቀራቸው መራጩ ስማቸውን በእጁ እንዲጽፍላቸው መለመን ብቻ ነበር። ሥራው ሁለት እርምጃ ነው፦ ከባዶው መስመር ጎን ያለችውን ሞላላ ክብ ማጥቆር፣ ከዚያ ስሙን መጻፍ። አንዱ ከተረሳ ድምፁ አይቆጠርም። ስማቸው ደግሞ ለአሜሪካዊም የሚያስቸግር ነው። ዘመቻው ስሙ የታተመበት የእጅ አምባር አደለ፤ ማስታወቂያውም ሕፃናት ፊደል ሲቆጥሩ የሚያሳይ ነበር። ከ100 ሺህ በላይ ሰው ጻፈላቸው። የሚለር ወገን በፊደል ግድፈት ከ8,000 በላይ ወረቀቶችን ቢቃወምም ልዩነቱ ከ10,000 በላይ ስለነበር ሁሉም ቢጣሉ እንኳ አሸናፊዋ እሳቸው ነበሩ። በዚህ መንገድ የሴኔት ወንበር ሲያዝ ከ1954 ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

«ከፓርቲው መሪ ጋር የተጣላ መራጩ ይቀጣዋል»

የትኛው መራጭ? በጃንዋሪ 2021 ትራምፕ እንዲከሰሱ ድምፅ ከሰጡት 10 የተወካዮች ምክር ቤት ሪፐብሊካኖች አራቱ ዳግመኛ አልተወዳደሩም፣ አራቱ በፕራይመሪ ተሸነፉ፣ ሁለቱ ተረፉ። የተረፉት ዳን ኒውሃውስና ዴቪድ ቫላዳኦ ከዋሽንግተን ግዛትና ከካሊፎርኒያ ናቸው፤ በሁለቱም ግዛቶች ፕራይመሪው ለሁሉም መራጭ ክፍት ነው፣ ከየትኛውም ፓርቲ ቀዳሚዎቹ ሁለት ያልፋሉ። ዋስትና ግን አይደለም፤ ጄሚ ሄሬራ ቦይትለር እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ ወድቀዋል።

አላስካ ከዚህም ራቅ ብላ ሄደች፦ አራት ሰው የሚያልፍበት አንድ ፕራይመሪ፣ ከዚያ መራጩ ዕጩዎችን 1፣ 2፣ 3 ብሎ በደረጃ የሚያስቀምጥበት ምርጫ። በ2022 መርካውስኪ ለተወካዮች ምክር ቤት በሚደረገው ውድድር ዴሞክራቷን ሜሪ ፔልቶላን አንደኛ እንደሚያደርጉ ሲናገሩ ብዙዎች «ደፋር» አሏቸው። ድፍረት ሊኖርበት ይችላል፤ ስሌቱ ግን ግልጽ ነው። በራሳቸው የሴኔት ውድድር፣ በመጀመሪያው ቆጠራ መርካውስኪና ትራምፕ የደገፏቸው ኬሊ ሺባካ በአንድ ነጥብ እንኳ አይራራቁም ነበር። ወደ 54 በመቶ ያደረሷቸው ዴሞክራት ዕጩ መርጠው መርካውስኪን ሁለተኛ ያሉ ሰዎች ናቸው።

«የትልቅ ሰው ድጋፍ ድምፅ ያመጣል»

ስፔክተር የኦባማን ሙሉ ድጋፍ ይዘው በ2010 ፕራይመሪ ተሸነፉ። ድጋፍ በይበልጥ የሚያመጣው ለጋሽ፣ ሠራተኛና የአየር ሰዓት ነው። ደግሞም ተደጋፊው ሳይጠየቅ ይመጣል፤ በ2024 የሜሪላንዱ ሪፐብሊካን ላሪ ሆጋን ለዘብተኛ ሆነው ዴሞክራት በሚበዛበት ግዛት ለሴኔት ሲወዳደሩ ትራምፕ ሳይለመኑ ድጋፍ ሰጧቸው። ሆጋን አልፈልግም ቢሉም ተቀናቃኛቸው ለማስታወቂያ አዋለችው። ሆጋን ተሸነፉ።

«ገለልተኛ ሆኜ ብመዘገብ ሁለቱንም መምረጥ እችላለሁ»

ይህ የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የቡና ቤት ወሬ ነው። ሜሪላንድ ዝግ ፕራይመሪ ነው ያላት፤ ፓርቲ ሳይመርጥ የተመዘገበ ሰው በፕራይመሪው ለገዥም ለሴኔትም ድምፅ አይሰጥም፤ የሚደርሰው እንደ ትምህርት ቦርድ ያሉ ፓርቲ የሌለባቸው ቦታዎች ናቸው። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በዴሞክራቶቹ ፕራይመሪ ስለሆነ፣ በኖቬምበር የሚያሸንፈው ሰው አስቀድሞ የታወቀ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ደግሞ በፓርቲ አይመዘገብም፤ ፕራይመሪ ሲመጣ ከሁለቱ አንዱን ወረቀት ይጠይቃል፣ ሁለቱንም ግን አያገኝም።

በ2021 የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ፣ በባይደን የኢትዮጵያ ፖሊሲ የተቆጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ይፋዊ ድጋፍ ሰጥተው ነበር። እንዲህ ያለ ድጋፍ ከመውጣቱ በፊት የማኅበሩን ወረቀት ማየት ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ የግብር ሕግ አንቀጽ 501(c)(3) ከግብር ነፃ የሆነ የኮሚኒቲ ማኅበር መራጭ ማስመዝገብና ሁሉንም ዕጩዎች የሚጋብዝ ውይይት ማዘጋጀት ይችላል፣ ዕጩ መደገፍ ግን አይችልም። ሊቀመንበሩ በግል ስሙ ይችላል፤ በማኅበሩ ማኅተምና የፌስቡክ ገጽ አይደለም።