ጠቅላይ አዛዥነት ምንድን ነው? የታሪክ ተመራማሪዎችስ በምን ይመዝኑታል?

ጅማ ውስጥ ቡና ተፈልቶ የደርግ ዘመን ጦርነት ከተነሳ ወሬው ቶሎ አያልቅም። ከተማዋ ያኔ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ከዚህ ተነስተው ሰሜን የዘመቱ ሰዎች ዛሬም አሉ። አንዱ «መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጀግና ነበር፤ ጉድ የሠሩት ጄኔራሎቹ ናቸው» ይላል። ሌላው «ሠራዊቱን ያስፈጀው ራሱ ነው» ብሎ ይቆጣል። ክርክሩ ቢጋጋልም ከሥሩ ያለው ጥያቄ ቁም ነገር ነው፦ አንድ ፕሬዚዳንት በጦርነት ጊዜ ጥሩ መሪ ነበር የሚባለው ምን ሲያደርግ ነው?

ጠቅላይ አዛዥ ማለት የአገሪቱ የጦር ኃይሎች ሁሉ የመጨረሻ አለቃ ነው። በአሜሪካ ሥልጣኑ የፕሬዚዳንቱ ነው። በእኛ አገር በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ጊዜ ግን የፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነበር። ጠቅላይ አዛዥ ምሽግ ውስጥ ገብቶ አይዋጋም። የእሱ ሥራ ጦርነቱ ለምን እንደሚካሄድ መወሰን፣ ጦሩን ማን እንደሚመራ መምረጥና አገሪቱ ምን ያህል መሸከም እንደምትችል ማወቅ ነው።

ብዙ ሰው «ወታደር የነበረ መሪ ጦርነት ያውቃል» ብሎ ይነሳል። ታሪክ ግን ይህን ሁልጊዜ አይደግፍም። ከ1861 እስከ 1865 እ.አ.አ. በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሁለት ፕሬዚዳንቶች ተፋጠው ነበር። የደቡቡ ጄፈርሰን ዴቪስ የዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ምሩቅ ናቸው፤ ሜክሲኮ ዘምተዋል፣ የጦር ሚኒስትርም ነበሩ። የሰሜኑ አብርሃም ሊንከን ደግሞ ጠበቃ ናቸው። በ1832 ለጥቂት ወራት በበጎ ፈቃደኝነት ዘመቱ እንጂ ውጊያ አላዩም። ጦርነቱ ሲጀመር ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የጦር ጥበብ መጻሕፍት እየተዋሱ አነበቡ። ጦር ሚኒስቴር ቴሌግራፍ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ከግንባር የሚመጣውን ዜና ሲጠብቁ ያመሹ ነበር።

ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ሊንከንን ከዴቪስ ያስበልጣሉ። አንዱ ምክንያት የጦርነቱን ዓላማ የያዙበት መንገድ ነው። የባሮች ነፃነት አዋጅ በጥር 1863 ሲጸና ጦርነቱ የአገር አንድነት ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ባርነትን የማጥፋት ጦርነትም ሆነ። ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ ጥቁር ወታደሮች የሰሜኑን ጦር ተቀላቀሉ። የፖለቲካ ውሳኔ ነበር፤ ለግንባሩ ግን ሰው አስገኘ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ጄኔራሎቻቸውን የያዙበት መንገድ ነው። በሐምሌ 1863 የሰሜኑ ጄኔራል ሚድ ጌቲስበርግ ላይ ድል አደረጉ። የተሸነፈው የደቡቡ ጄኔራል ሊ ጦር ግን የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ አመለጠ። ሊንከን በንዴት ብዕር አነሱ። ጠላት እጅህ ገብቶ ነበር፣ ወርቃማው ዕድል አመለጠህ፣ ሐዘኔም ልክ የለውም የሚል ደብዳቤ ለሚድ ጻፉ። ግን አልላኩትም። ፖስታው ላይ እንዳልተላከና እንዳልተፈረመበት ጽፈው አስቀመጡት። ሚድም ጦርነቱ እስኪያበቃ ጦራቸውን እንደመሩ ቆዩ።

ንዴቱ ልክ ነበር ወይ? እዚህ ላይ ተመራማሪዎች አይስማሙም። ሚድ ጦሩን የተረከቡት ውጊያው ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ከድሉ በኋላም ሠራዊታቸው ዝሎ ነበር። ዋሽንግተን ተቀምጦ ካርታ ማየትና የደከመ ጦር ማሳደድ አንድ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ነጥብ ሊንከንን የሚወቅሱ አሉ። ንዴታቸው ግን አዛዡን አላስደነገጠም፣ ጦሩንም አላናጋም። ለእኔ ትልቁ መለኪያ ይህ ነው።

ወደ እኛ አገር እንምጣ። በየካቲት 1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ሻዕቢያን ይዋጋ የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ተረሸኑ። በወሩ፣ በመጋቢት፣ ናደው ዕዝ አፋቤት ላይ ተደመሰሰ። «እሳቸው ስለተረሸኑ ነው የተሸነፈው» ብሎ መደምደም ግን ጥናት አይሆንም። የሻዕቢያ ጥንካሬ፣ የመረጃ ክፍተት፣ ለዓመታት ምሽግ ውስጥ የቆየው ወታደር ድካም፣ ሁሉም አብሮ ይታያል። ሆኖም ከዚያ ወዲያ የትኛው አዛዥ ነው ደፍሮ «ይህ ዕቅድ አያዋጣም» የሚለው? በግንቦት 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፣ ከሸፈባቸው። በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ጦሩ ልምድ ያካበቱ መሪዎቹን በገዛ ጠቅላይ አዛዡ እጅ አጣ። ይህ ከመንግሥቱ ስም ጋር የሚነሳ ከባድ ዕዳ ነው።

የማስረጃውም ነገር አለ። የዘመተ ሰው ምስክርነት ዋጋው ትልቅ ነው፤ ሳይረፍድ መሰብሰብ አለበት። ግን እሱ ያየው ምሽጉን ነው፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ የተባለውን አልሰማም። ባለሥልጣን ከዓመታት በኋላ የሚጽፈው ትዝታ ደግሞ ራስን መከላከል ይበዛበታል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች በዚያው ቀን የተጻፈ ቴሌግራም፣ ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ የሚያሳድዱት። መሪው በዚያች ሰዓት ምን ያውቅ እንደነበር የሚያሳየው እሱ ነው።

ይህች ጥያቄ ለጅማም ትሠራለች። ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው ያለው ዳግማዊ አባ ጅፋር ፕሬዚዳንት ሳይሆኑ ንጉሥ ነበሩ። በ1880ዎቹ እ.አ.አ. ሳይዋጉ ለምኒልክ ገበሩ፤ የውስጥ አስተዳደራቸውንም ይዘው ቆዩ። ብዙ ሰው ውሳኔያቸውን የሚያደንቀው በ1897 እ.አ.አ. ጎረቤት ከፋ ተዋግታ የደረሰባትን እያሰበ ነው። ያ ግን ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ ነው፤ አባ ጅፋር ሊያውቁት አይችሉም። እሳቸው የሚያውቁት የእምባቦን ጦርነት ነበር። በ1882 እ.አ.አ. የምኒልክ የሸዋ ጦር እዚያ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ማርኳቸው ነበር። ውሳኔያቸው መመዘን ያለበት በዚህ ነው።