ተማሪው ገብቷል፣ ትምህርቱስ? የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ማሻሻል በታዳጊ አገሮች

በታዳጊ አገሮች የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ለማሻሻል የሚደረገው ጥረት ዕድሜው ረዘም ያለ ነው። ውጤቱ ግን ወጣ ገባ ነው። ልጆችን ክፍል በማስገባቱ በኩል ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። የገቡት ልጆች ምን ተማሩ ሲባል ግን መልሱ ይከብዳል። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

መንግሥታት በ1990 ታይላንድ ውስጥ ጆምቲየን ላይ ተሰብስበው «ትምህርት ለሁሉም» ሲሉ ቃል ገቡ። ቃሉን በ2000 ዳካር ላይ አደሱት። ማላዊ በ1994፣ ኡጋንዳ በ1997፣ ኬንያ በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከክፍያ ነፃ አደረጉ። ኬንያ ውስጥ በአንድ ዓመት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ጎረፉ። ክፍያው ስንቱን ልጅ በር ላይ ያስቀር እንደነበር ያኔ ታየ። ችግሩ፣ መምህሩም ዴስኩም መጽሐፉም በዚያው ፍጥነት አልጨመሩም። በማላዊ የታችኛዎቹ ክፍሎች አንድ መምህር ከመቶ በላይ ልጅ ፊት መቆሙ የተለመደ ሆነ።

የዓለም ባንክ በ2019 «የመማር ድህነት» የሚል መለኪያ አመጣ። የአሥር ዓመት ልጅ ቀላል ጽሑፍ አንብቦ ይረዳል ወይ? ጥያቄው ይኸው ነው። በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከኮሮና በፊት 53 በመቶ የሚሆኑት አይችሉም ነበር። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከቆዩ በኋላ፣ በ2022 የወጣው ግምት ቁጥሩን ወደ 70 በመቶ አደረሰው። አብዛኞቹ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ናቸው።

ምክንያቱ ብዙ ነው። መምህሩ ሊቀር ይችላል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በስድስት ታዳጊ አገሮች በድንገተኛ ጉብኝት ሲታይ፣ ከአምስት መምህራን አንዱ ገደማ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አልተገኘም። ልጁ የሚማርበት ቋንቋም ቤቱ የማይነገር ሊሆን ይችላል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መጀመር እንደሚጠቅም ብዙ ባለሙያ ይስማማል፤ ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ፊሊፒንስ በ2012 ለታችኛዎቹ ክፍሎች አስገዳጅ አድርጋው፣ በ2024 ግዴታውን በሕግ አነሳችው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሩጫው ነው። መምህሩ መጽሐፉን መጨረስ አለበት። ሱፐርቫይዘሩም ሲመጣ የሚጠይቀው «የት ምዕራፍ ደረሱ?» ብሎ ነው። ፊት የተቀመጡት ጥቂት ጎበዞች አብረው ይሮጣሉ። ሁለተኛ ክፍል ላይ ፊደል ያልለየ ልጅ አራተኛ ክፍል ሲደርስ፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ ዝም ብሎ የሚገለበጥ ነገር ይሆንበታል። ደብተሩ ሙሉ ነው፤ አንብብ ሲሉት ግን አይችልም።

ይህን ጉድ አደባባይ ካወጡት አንዱ ፕራታም የተባለው የህንድ ድርጅት ነው። ከ2005 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች በገጠር ቤት ለቤት እየዞሩ ልጆችን ያስነብባሉ። ይዘውት የሚሄዱት አንድ ወረቀት ነው። ፊደላት አሉበት፣ ቃላት አሉበት፣ የአንደኛ ክፍል አጭር አንቀጽና የሁለተኛ ክፍል ታሪክ አለበት። ልጁ እስከቻለበት ያነባል፣ የቆመበት ቦታ ይመዘገባል። ከአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ የሁለተኛ ክፍሉን ታሪክ ማንበብ አልቻሉም። ወላጅ አጠገቡ ቆሞ ስለሚያይ፣ ይህ ምርመራ ከማንኛውም የሪፖርት ካርድ የበለጠ ይናገራል።

መፍትሔውም ከዚያው ወረቀት ወጣ። በቀን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ተማሪዎቹ በክፍላቸው መመደባቸው ይቀርና በሚችሉት ልክ ይመደባሉ። ፊደል የሚለዩ አንድ ላይ፣ ቃል የሚያነቡ አንድ ላይ። የአምስተኛ ክፍሉ ልጅ ከሦስተኛ ክፍሉ ጋር ቢቀመጥ ማንም አይገርመውም። ዘዴው በተደጋጋሚ ተፈትኖ ውጤት አሳይቷል፤ ዛምቢያን ጨምሮ ወደ አፍሪካ አገሮችም ተሻግሯል። ከፈተሹት መካከል አብሂጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ በ2019 ከማይክል ክሬመር ጋር በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ወስደዋል።

ኬንያ ደግሞ መምህሩን ከመደገፍ ጀመረች። በ2015 የተጀመረው «ቱሶሜ» ትርጉሙ «እናንብብ» ማለት ነው። ለእያንዳንዱ የታችኛ ክፍል ልጅ የራሱ መጽሐፍ ተሰጠው፤ ለመምህሩ የየዕለቱ መመሪያ። የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ሰጪዎች ታብሌት ይዘው ክፍል እየገቡ ይከታተሉ፣ ጥቂት ልጆች ያስነብቡ፣ ከመምህሩ ጋር እዚያው ይነጋገሩ ነበር። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ይህን ነው። ለይምሰል የአምስት ቀን ሥልጠና ሰጥቶ፣ አበል ከፍሎ፣ ሰርተፍኬት አድሎ ከመሸኘት በእጅጉ ይለያል።

ብዙ የተጮኸላቸው ነገሮች ለብቻቸው አልሠሩም። ኬንያ ውስጥ ቀደም ባለ ጊዜ መጽሐፍ ብቻ ሲታደል የተጠቀሙት ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ናቸው፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነበርና ለሌሎቹ ከበዳቸው። ፔሩ ላፕቶፕ በገፍ አደለች፤ በ2012 የወጣው ግምገማ ግን በሒሳብም በቋንቋም የተሻሻለ ውጤት አላገኘም። ኢንዶኔዥያ በ2005 ባወጣችው ሕግ የምስክር ወረቀት ያገኙ መምህራንን ገቢ እጥፍ ያህል አሳደገች። መምህራኑ ደስ አላቸው፣ ከዕዳ ተነፈሱ። የተማሪው ውጤት ግን ንቅንቅ አላለም። ይህን ይዞ መምህር በረሃብ ያስተምር ማለት ነውር ነው። የደሞዝ ጭማሪ ብቻውን የማስተማር ዘዴ እንደማይለውጥ ግን ያሳያል።

ገንዘቡ መድረሱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ኡጋንዳ ውስጥ ከ1991 እስከ 1995 ለትምህርት ቤቶች ከተመደበው የነፍስ ወከፍ ድጎማ ትምህርት ቤት የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ ነበር። የቀረው በመንገድ ላይ የውሃ ሽታ ሆነ። ከዚያ መንግሥት የተላከውን ብር በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉ ተደረገ። የሚደርሰው ድርሻ በብዙ እጥፍ ጨመረ። የጋዜጣው ድርሻ ምን ያህል ነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል፤ በዚያው ጊዜ ሌሎች ማሻሻያዎችም ነበሩ።

ከተማን ያህል ነገር ሊለወጥ ይችላል ወይ ለሚል የብራዚሏ ሶብራል አለች። ሀብታም በማይባለው ሴአራ ክልል ያለች ናት። በ2000 አካባቢ ከታችኛ ክፍል ተማሪዎቿ ማንበብ የማይችሉት ግማሽ ያህል ነበሩ። ከንቲባው ለሹመት የሚፈልጋቸውን ርእሰ መምህራን ማስቀመጡ ቀረና በውድድር መምረጥ ተጀመረ። ንባብ አንደኛ ጉዳይ ሆነ፣ እያንዳንዱ ልጅ በየጊዜው ይመዘናል። በ2005 በአገሪቱ የትምህርት መለኪያ 1366ኛ የነበረችው ከተማ በ2017 አንደኛ ወጣች። ሴአራም ለከተሞች ከሚከፋፈለው ግብር ከፊሉን ከትምህርት ውጤት ጋር አያያዘችው። ከንቲባዎች ሕንፃ አስመርቀው ሪባን ቆርጠው እንዳይቀሩ የሚያደርግ ብልሃት ነው።

ጤናና ምግብን በአጭሩ እንለፍ። የተራበ ልጅ አይማርም። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የበሰለ ምሳ እንዲያቀርቡ አዟል። በምዕራብ ኬንያ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሰጠው የሆድ ትል መድኃኒት ከትምህርት ቤት መቅረትን ቀንሷል።

ሁለተኛ ደረጃ ሌላ ዓይነት ፈተና አለው። ትምህርት ቤቱ ይርቃል፤ ልጁ ለሥራ፣ ልጅቷ ለትዳር ደርሳለች ይባላል፤ የፊዚክስና የሒሳብ መምህር አይገኝም። ባንግላዴሽ በ1994 ለገጠር ሴት ተማሪዎች የገንዘብ ድጎማ በአገር ደረጃ ጀመረች። ሜክሲኮ በ1997 ለድሃ እናቶች ገንዘብ መስጠት ስትጀምር ለሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች ከወንዶቹ ከፍ ያለ ክፍያ መደበች። የህንዷ ቢሃር ክልል በ2006 ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ሴቶች የብስክሌት መግዣ ሰጠች፤ ትምህርት ቤት ከሚርቅባቸው መንደሮች የተመዘገቡት በግልጽ ጨመሩ።

ጋና በ2017 ሁለተኛ ደረጃን ነፃ አደረገች። ተማሪው ከመቀመጫው በላይ ሆነና በ2018 ግማሹ ሲማር ግማሹ ቤቱ የሚቆይበት የፈረቃ አሠራር ገባ። አንደኛ ደረጃን ነፃ ያደረጉት አገሮች ከሃያ ዓመት በፊት ያዩት መጣበብ ነው። አሁን ግን የሚጎድለው ክፍልና መምህር ብቻ አይደለም፤ ከታች ሳያነቡ ያለፉት ልጆችም አብረው ገብተዋል፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ደግሞ ንባብ ለማስተማር አልሠለጠነም።