የጎንደር አዝማሪ ቤት፦ የዘፈን አመራረጥና የአድማጩ ዳኝነት

በጎንደር አዝማሪ ቤቶች የምሽቱ ዘፈን ተራ በወረቀት አይሰፍርም። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ሲገባ እንግዶቹን ይቃኛል፤ ከየት እንደመጡና ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ ለይቶ ነው የሚጀምረው። የቤቱ ደንበኞች በማግስቱ ሲከራከሩም ከድምፁ ማማር ይልቅ ዘፈኑን በቦታው ማዋሉን ይመዝናሉ።

ሙያው በዘር የሚወረስ ነው። በጎንደር አካባቢ የምትገኘው ቡርባክስ በአዝማሪ ቤተሰቦቿ የታወቀች መንደር ስትሆን፣ ልጆች እዚያ ከአባትና ከአጎት ሥር እየተከተሉ መሰንቆ ይማራሉ። ባልና ሚስት አብረው ሲሠሩ ባል መሰንቆውን ይመታል፣ ሚስት ትዘፍናለች። አዝማሪዎች እርስ በርስ ብቻ የሚግባቡበት የራሳቸው ቋንቋም አላቸው፤ ቀጥሎ ምን እንደሚዘፈን በእንግዳው ፊት ተነጋግረው ይወስኑበታል።

የመክፈቻው ጊዜ የሰላምታና የውዳሴ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ያከራክራል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት አራቱ ቅኝቶች የየራሳቸው ስሜት ስላላቸው፣ አንዱን ያለ ጊዜው ማምጣት ቤቱን ያቀዘቅዘዋል። ነባር አድማጮች ትዝታ ከመሸ በኋላ፣ ሰው ዝም ማለት ሲጀምር ይምጣ ይላሉ። ወጣቶቹ እስክስታው እንዳይቋረጥ ይፈልጋሉ። ሽለላና ፉከራ ደግሞ የጎንደር ሰው የሚኮራባቸው በመሆናቸው ፍርዱ ይጠነክራል፤ ቤቱ ሳይሞቅ የተፎከረ ፉከራ ባዶ ጩኸት ይሆናል። በዚህ እኔም ከነባሮቹ ጋር ነኝ።

አድማጩ ዳኛ ብቻ አይደለም፤ ግጥም አቀባይም ነው። «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ቃል ሳይጥል በዜማው ልክ ይመልሰዋል። ለምሳሌ እንዲህ ያለ፦

ሌላ ሰው ለቀመው ከጓሮ ከጎኔ፣
ስንት ዓመት ኮትኩቼ ያሳደግሁት ወይኔ።

ሰሙ የወይን ተክል ነው፣ ወርቁ የተነጠቀ ፍቅር። አዝማሪው የመጨረሻዋን ቃል ለአፍታ ያዘገያታል፤ የፈረስ ጭራው ደጋን በአንዷ ጅማት ላይ ሲጎተት ይቆይና ቃሏ ስትወጣ ቤቱ በእልልታ ይናጋል። ሽልማቱ ያን ጊዜ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ቃሏን ቸኩሎ የጣላት አዝማሪ ግን ግጥሙን ገደለው ይባላል፤ ግጥሙን ያቀበለው ሰውም ያዝንበታል።

ይህ በቅጽበት የሚፈጠር ቃል ያለው ጉልበት በታሪክ ተመስክሯል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የግራዚያኒ አስተዳደር አዝማሪዎችን ከጠንቋዮች ጋር ደምሮ አስገድሏል፤ በየገበያው የሚዞረው ዜማ ሕዝቡን ያነሳሳል ብሎ ፈርቶ ነበር።

ዛሬ ትልቁ ክርክር የድምፅ ማጉያና የኪቦርድ ነገር ነው። የጥምቀት ሰሞን፣ ጥር 11 ሲቃረብ፣ ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ ይበዛና ቤቶቹ ድምፁን ከፍ ያደርጋሉ። ብዙ ሰው ያስተናግዳል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ኪቦርዱ የምቱን ፍጥነት አስቀድሞ ስለሚወስን አዝማሪው ቃል የሚያዘገይበት ክፍተት ያጣል፣ ከጥግ የተወረወረው ስንኝም አይሰማም። ሰፊ አዳራሽ ያላቸው ቤቶች ቢያንስ ግጥም በሚቀባበሉበት ሰዓት ማጉያውን ዝቅ ቢያደርጉት አድማጩ ድርሻውን አይነጠቅም ነበር።