የሰውነት ልማድ ምንድን ነው?

«ልማድ ነው» ሲባል «ማስመሰል ነው» ብሎ የሚሰማ ሰው በዝቷል። በቀደም ደግሞ አንድ የሬዲዮ እንግዳ «የሴት አቀማመጥ ከልብስ የመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ሱሪ ያደረገች ልጅ ለምን እግሯን ገጥማ ትቀመጣለች? ተፈጥሮዋ ስለሆነ ነው» አለ። አዘጋጁም «ልክ ነው» ብሎ ወደ ሙዚቃ አለፈ። እኔ ማለፍ አልቻልኩም። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የማየው የሰው አረማመድና አቀማመጥ ነው።

ሰውነት ደጋግሞ የሠራውን ነገር ሳታዙት ይሠራዋል። የሰውነት ልማድ ይኸው ነው። እንግዳው የሳተው ደግሞ ልማዱ ያስለመደው ነገር ከሄደም በኋላ እንደሚቆይ ነው።

ማንዋል መኪና ሲነዳ የኖረ ሹፌር አውቶማቲክ ላይ አስቀምጡት። ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ፍለጋ ይሄዳል። አንዳንዱማ ፍሬኑን ረግጦ ተሳፋሪውን ከመስታወት ጋር ያጋጫል። ይህ ሰው እያስመሰለ ነው? ወይስ ከእናቱ ሆድ ፍሪሲዮን እየረገጠ ወጣ? በእንግዳው ስሌት ሁለተኛው ነው። ሱሪ ያደረገችው ልጅም እንደ ሹፌሩ ናት። ቀሚሱ ወልቋል፣ ጉልበቷ ግን ገና አልሰማም።

ምሳሌውን ትንሽ ልጎትተው። ሹፌሩ ቶሎ ይለምዳል፤ የሚቆጣው የለማ። ረዳቱ በየማዞሪያው «ፍሪሲዮን ርገጥ!» እያለ ቢጮህበትስ? ልጅቷ እንዲህ ያለ ረዳት ሞልቷታል። እናቷ፣ አክስቷ፣ ጎረቤቷ ሳይቀሩ «ሰብሰብ በይ እንጂ!» ይሏታል፣ ሱሪ አድርጋም ቢሆን። ወንድሟ እግሩን አንፈራጦ ሲቀመጥ ግን ማንም ምንም አይልም።

ጅማ ላለ ሰው ማስረጃው ደጁ ላይ ነው። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማችን ዝቅ ያለ ስለሆነ ሲቀመጡበት ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል። ሱሪ ያደረገ ወንድ ጉልበቱን ከፍቶ ክርኑን ይጥልበታል። ያው ሰውዬ ማታ ቤቱ ሽርጥ ሲያሸርጥ ተመልከቱት። ከመቀመጡ በፊት ጨርቁን በእጁ ይሰበስባል፣ በጭኖቹ መሃል ይከተዋል፣ ጉልበቱን ጠበብ ያደርጋል። ፊት ለፊቱ ቡና የምታፈላው ሚስቱም ቀሚሷን የምትሰበስበው በዚያው እንቅስቃሴ ነው። የሰውዬው ዳሌ ከቀን እስከ ማታ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ጨርቁ ነው። ነጠላ የማይለያት ሴትም እንዲሁ ናት፤ ነጠላውን ባልለበሰችበት ቀን እንኳ እጇ ወደ ትከሻዋ ይሄዳል።

ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ማርሴል ሞስ ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1934 ባደረገው ንግግር አንስቶታል። ኒውዮርክ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የነርሶቹ አረማመድ የት እንዳየው ያሳስበዋል። ለካ ሲኒማ ላይ ነው። ፓሪስ ሲመለስ የአገሩ ልጃገረዶችም እንደዚያው ሲራመዱ አገኛቸው፤ የአሜሪካ ፊልም አስተምሯቸዋል። (የእኔም ታካሚዎች ተኝተው እኔን እያጠኑኝ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።) ልብሱ ራሱ የሚያስገድድበት ጊዜም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ አውሮፓ ውስጥ ታችኛው ጫፉ በጣም የጠበበ ቀሚስ ፋሽን ሆኖ ነበር። አንዳንዶቹ ሴቶች ሲራመዱ እንዳይቀደድባቸው እግራቸውን ከጉልበት በታች በማሰሪያ ያያይዙት ነበር።

እዚህ ላይ ሙያዬ ዝም አያሰኘኝም። አጥንት ምንም ሥራ የለውም አላልኩም። በአማካይ የሴት ዳሌ አሠራሩ ከወንድ ይለያል፣ አረማመድ ላይም ትንሽ ይታያል። ግን መሃል ላይ የሚገናኙ ወንዶችና ሴቶች ብዙ ናቸው። ደግሞም አንድ ሰው ጠበብ አድርጎ ሲራመድ ስላያችሁ ስለ ልማዱ ፍርድ አትስጡ፤ ጉልበቱን አሞት ሊሆን ይችላል። በየቀኑ የማየው ነው።

ሌላም አለ። ልማድ ሲቆይ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ለዓመታት ተረከዘ ረጅም ጫማ ያደረገች ሴት የባት ጡንቻዋ ያጥራል፣ የተረከዝ ጅማቷም ይገተራል። ጠፍጣፋ ጫማ ስታደርግ ባቷን ያማታል። እንግዳው ቢያያት «ተረከዝ ለሴት የተፈጠረ ነው፣ ይኸው ጠፍጣፋው አሳመማት» ባለ ነበር። እኔ ግን ጫማውን ዛሬውኑ ጣዪው አልላትም። ባቷን በየቀኑ እያሳሳብን ተረከዙን ቀስ በቀስ እናወርደዋለን።