የኖርዌይ ክርክር

የኖርዌይ ክርክር የብሪታንያ መንግሥት በድምፅ አሸንፎ ሥልጣኑን ያጣበት የፓርላማ ውሎ ነው። የተካሄደው ሚያዝያ 29 እና 30 ቀን 1932 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 7 እና 8 ቀን 1940) ነበር።

ጀርመን ኖርዌይን የወረረችው ሚያዝያ 1 ቀን ነው። ሊመክት የተላከው የብሪታንያ ጦር የአየር ሽፋን አጥሮት ወሩ ሳያልቅ ከመካከለኛው ኖርዌይ ለቆ ወጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኔቪል ቻምበርሌን ደግሞ ከወረራው ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው «ሂትለር አውቶቡሱ አምልጦታል» (ዕድሉ አልፎበታል ለማለት) ብለው ነበር፤ እንደራሴዎቹ ይህንኑ ቃል መልሰው ጮኹባቸው።

ለውሳኔ የቀረበው ሐሳብ ጦርነቱን በስም እንኳ አያነሣም፤ ምክር ቤቱ ስብሰባውን ይዝጋ የሚል ብቻ ነበር። ክርክሩ ግን የመንግሥቱ መመዘኛ ሆነ። አድሚራል ሮጀር ኪይስ ሙሉ የባሕር ኃይል ልብሳቸውን ከነሜዳልያው ለብሰው መጥተው ዘመቻውን ነቀፉ። ከሁሉ የከፋው ምት የመጣው ከቻምበርሌን የራሳቸው ወግ አጥባቂ ፓርቲ ነው፦ ሊዮ ኤመሪ፣ እንግሊዛዊው የጦር መሪ ክሮምዌል እ.ኤ.አ. በ1653 ፓርላማውን ሲበትን የተናገረውን ጠቅሰው «በእግዚአብሔር ስም፣ ሂዱ!» አሉ።

በማግስቱ ተቃዋሚው ሌበር ፓርቲ ድምፅ እንዲሰጥ ሲጠይቅ ቻምበርሌን «በዚህ ምክር ቤት ወዳጆች አሉኝ» ብለው መለሱ። አገር በጦርነት ላይ ሳለች ነገሩን የወዳጅና የጠላት ማድረጋቸው ብዙዎችን አስቆጣ። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅም ሕዝቡን መሥዋዕትነት የሚጠይቅ መሪ ሥልጣኑን በመሠዋት አርአያ ይሁን አሉ። የሁለቱ ቁርሾ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ቻምበርሌን በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ላይ የተጣለውን ማዕቀብ መቀጠል እብደት ብለውት ነበር፤ ማዕቀቡ እንዲነሣ ሲወሰን ደግሞ ሎይድ ጆርጅ ሚኒስትሮቹን ፊት ለፊት ፈሪዎች ብለዋቸዋል።

ድምፁ 281 ለ200 ሆነ። ከ200 በላይ የነበረው የመንግሥት ብልጫ ወደ 81 ወረደ፤ 40 ያህል ደጋፊዎቹ ከተቃዋሚ ጋር ቆሙ፣ ሌሎች ብዙዎች ድምፃቸውን ነፈጉት።

የሚያስገርመው፣ ቻምበርሌንን የተኩት ዊንስተን ቸርችል የባሕር ኃይል ሚኒስትር በመሆናቸው በኖርዌይ ውድቀት እጃቸው ነበረበት፤ መንግሥትን ወክለው ክርክሩን የዘጉትም እርሳቸው ናቸው። ለጠቅላይ ሚኒስትርነት የታሰቡት ሌላው እጩ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሃሊፋክስ ግን የሎርዶች ምክር ቤት አባል ሆነው የሕዝቡን ምክር ቤት መምራት እንደሚያስቸግር ገልጸው ራሳቸውን አገለሉ። ግንቦት 2 ቀን ጀርመን ሆላንድንና ቤልጂየምን ስትወርር ቻምበርሌን ለመቆየት አሰቡ፤ ሌበር ግን በእርሳቸው ሥር አልሠራም አለ። የዚያኑ ቀን ምሽት ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ቸርችልን መንግሥት እንዲመሠርቱ ጠሩ።